የክንዱ ኮቶሌታ

[ጎንደር፣ አራዳ፣ ከልብስ ሰፊዋ ከይመኙሽ ሱቅ ጀርባ ያለች የኪራይ ክፍል። ክንዱ በዘነዘና ሥጋ ይደበድባል። ግድግዳው ስለሚንቀጠቀጥ ይመኙሽ ሁለት ጊዜ ጣቷን ወግታለች። ክንዱ ግን ግድ የለውም፤ ዛሬ የሰርካለምን አባት፣ አያ አለምነህን፣ ምሳ ጠርቷል። ምሳው ከጣማቸው ሽማግሌ ላክ ይሉታል፤ ካልጣማቸው ሰርካለምን ይርሳት። አብሮት የሚኖረው ከትክል ድንጋይ የመጣው ወንዴ ለቅሶ ቤት እንደ ገባ ሰው አገጩን ይዞ ያያል።]

ወንዴ፦ ኧረ ተው! ምን አድርጎህ ነው? ሞቷል እኮ!

ክንዱ፦ ኮቶሌታ ሳይደበደብ አይሆንም።

ወንዴ፦ እንዲህ ያለ ቀይ ሥጋ! ቆረጥ፣ አዋዜ ጠቀስ፣ ጎረስ፣ አለቀ።

ክንዱ፦ አንተ ምን ታውቃለህ? እኔ ሆቴል ወጥ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ።

ወንዴ፦ ሦስት ሳምንት፣ ያውም ሳህን አጥበህ።

ክንዱ፦ ሳህን አጣቢ የሁሉንም ምግብ መጨረሻ ያውቃል!

[ሥጋው ተጠፍጥፎ ተጠፍጥፎ ጋቢ ሊሆን ምንም አልቀረው።]

ወንዴ፦ እሽ፣ አሁንስ?

ክንዱ፦ ዱቄት ይነካል፣ እንቁላል ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ የዳቦ ፍርፋሪ ይለብሳል።

ወንዴ፦ ልታለብሰው ከሆነ መጀመሪያ ምነው ገፈፋችሁት? በሬው ቆዳ ነበረው እኮ።

ክንዱ፦ አትቀልድ! ዳቦ የት አለ?

ወንዴ፦ ርጥብ ነው ደረቅ?

ክንዱ፦ ደረቅ። እንደ ራስህ ድርቅ ያለ።

[ዐይኑ መደርደሪያው ላይ ካለው ሙዳይ ላይ አረፈ። ሙዳዩ የሚካኤል ማኅበራቸው ነው። ባለፈው ሚካኤል ለቀጣዩ ወር ድግስ ሙዳዩን ማንሣት የክንዱ ተራ ነበር። ክንዱ ግን "ወገቤን!" ብሎ ተኛ፤ አርባ ሰው የማብላቱ ዕዳ በወንዴ ላይ ወደቀ። ሁለት ዓመት ሙሉ የክንዱ ወገብ የሚታመመው ተራው ሲደርስ ብቻ ነው።]

ክንዱ፦ ይኸው ዳቦ!

ወንዴ፦ ኧረ እሱ የሚካኤል—

ክንዱ፦ ደርቋል አልደረቀም?

ወንዴ፦ ደርቋል፤ ግን ደንቡ—

ክንዱ፦ መጥበሻ ላይ የምን ደንብ አለ? ዝም በል!

[ወንዴ ዝም አለ። እንዲህ ደስ ብሎት ዝም ያለ ሰው በጎንደር ታይቶ አይታወቅም። ክንዱ ሙዳዩን ራሱ አወረደ፣ ራሱ ከፈተ፣ ዳቦውን ራሱ ቆርሶ ፈረፈረ። ሥጋው ዘይት ውስጥ ሲገባ ቤቱ በጥቁር አዝሙድ ሽታ ታወደ። የቲማቲም ስልስ ደፋበት፣ አይብ በተነበት፣ ቃሪያ ሰካበት። "ጨው ለማየት" ብሎም አንዱን ሙሉ በላ። በሩ ተንኳኳ።]

ክንዱ፦ ይግቡ አያ! ኖር፣ ኖር!

[አያ አለምነህ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃና ተራ አስያዥ ናቸው። ተቀመጡ፣ ባረኩ፣ ጎረሱ። ዐይናቸውን ጨፈኑ። የክንዱ ነፍስ ቃሪያው ጫፍ ላይ ተንጠለጠለች።]

አያ አለምነህ፦ ሸጋ ነው።

ክንዱ፦ የጣሊያን አሠራር ነው፣ አያ።

አያ አለምነህ፦ እንዴት ያለ ጣሊያን ነው? ይህ ጥቁር አዝሙድ የባለቤቴ የየትነበርሽ እጅ ነው። ለማኅበሩ ዳቦ የጋገረችው እሷ ናት። [ዞር ብለው ባዶውን ሙዳይ አዩ] ማን ከፈተው?

ወንዴ፦ እኔ በጣቴም አልነካሁት፣ አያ።

አያ አለምነህ፦ በእኛ ደንብ ሙዳዩን ከፍቶ ዳቦውን የቆረሰ፣ ተራውን ተቀበለ ማለት ነው።

[ክንዱ አሰበ። "አውቄ አይደለም" ቢል፣ የማኅበር ዳቦ ዘይት ውስጥ የጠበሰ አማች ሊሆን ነው።]

ክንዱ፦ እ… ለወንዴ አዝኜ እኮ ነው፣ አያ። ተራውን ልውሰድለት ብዬ።

አያ አለምነህ፦ ተመስገን! ወገብህ ዳነልህ ማለት ነው! በል፣ በድግሱ ማግሥት ሽማግሌ ላክ። ድግሱ ግን በወጥ እንዳይሆን፤ አርባችንም ይህንኑ እንበላለን። አይቡን በርከት አድርገው።

[መርቀው ወጡ። ክንዱ እንደ ሥጋው ተጠፍጥፎ ወንበሩ ላይ ቀረ።]

ክንዱ፦ ወንዴ፣ እውነት ቤቱ ውስጥ ሌላ ደረቅ ዳቦ አልነበረም?

ወንዴ፦ ምነው አይኖር? አልጋህ ሥር ፌስታል ሙሉ አለ።

ክንዱ፦ ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?

ወንዴ፦ ዝም በል አልኸኝ፤ እኔ ደግሞ ምን ዐውቃለሁ። [ዘነዘናውን አንሥቶ አቀበለው] በል ወገብህን ጠበቅ አድርገህ እሰር። አንዷን አያ በልተዋታል፤ ሠላሳ ዘጠኝ ይቀርሃል።