ያልተሰጠችው ቡችላ

ውሻ ወረቀት የሚያወጣበት አገር አለ ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔም አላመንኩም ነበር። እኛ ዘንድ "የውሻ ልጅ!" የተባለ ሰው ዱላ ያነሳል፤ ከባሕር ማዶ ግን ውሻው የማን ውሻ ልጅ እንደሆነ በመዝገብ ሰፍሮ፣ ማኅተም ተመቶበት፣ በመስተዋት ውስጥ ገብቶ ሳሎን ይሰቀላል። ይህን ያወቅሁት በደርግ ጊዜ መካነ ሰላም አስተማሪ ሳለሁ፣ ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ካገኘሁት፣ ሽፋኑን አይጥ ከበላው የፈረንጅ መጽሔት ነው። ጌቶቹ ውሾቻቸውን አደባባይ አውጥተው "የኔ ይበልጣል፣ የኔ ይበልጣል" ሲባባሉ ሊደባደቡ ደረሱ አሉ። በኋላ ተሰብስበው አገር አቀፍ የውሻ ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ ትልቅ መዝገብ ከፈተ፤ አባቱ፣ አያቱና ቅድመ አያቱ ያልታወቀ ውሻ እዚያ ውስጥ አይጻፍም። ጆሮው ስንት ጣት እንደሚረዝም፣ ጭራው ወዴት እንደሚታጠፍ አይተው የሚፈርዱ ዳኞችም አሉት። የሰው ዳኛ በጠፋበት ዓለም የውሻ ዳኛ! ብቻዬን ስንከተከት ተማሪዎቼ ያበድኩ መስሏቸው ነበር።

ሳቄን ይዤ ዝም ብል ምን ነበረበት? ሄጄ ለየኔታ ጥሩነህ ነገርኳቸው።

የኔታ ለልጆች ዳዊት የሚያስተምሩ ናቸው፤ ስማቸው የወጣው ግን በዘር ቆጠራ ነው። ድሮ ርስት የሚገኘው በዘር ነበርና፣ ሁለት ሰዎች በመሬት ሲሟገቱ "እከሌ ከእከሌ ተወለደ፣ እከሌም ከእከሊት" እያሉ እስከ መጀመሪያው አባት ድረስ የሚዘልቁት እሳቸው ነበሩ። ጋብቻም ሲታሰብ ያው ነው። ሰባት ቤት ያልሞላ አይጋባም፤ መሙላት አለመሙላቱን የሚያውቁት ደግሞ የኔታ ናቸው። የመሬት አዋጁ ሲመጣ የርስት ሙግት በአንድ ቀን ቀረ፤ ዘር መቁጠርም የፊውዳል ሥራ ነው ተባለ። ያ ሁሉ አያትና ቅድመ አያት ሆዳቸው ውስጥ ታጉሮ ጠያቂ አጣ። ሰውየው እየከሱ ሄዱ፤ አንጀቴን ይበሉት ነበር። አንድ ቀን ገብስ ማሳ ዳር ቁጭ ብለው ጣታቸውን ሲያጥፉና ሲዘረጉ አግኝቻቸው ምን እንደሚቆጥሩ ብጠይቃቸው፣ ማዶ ገደሉ ላይ ያሉትን ዝንጀሮዎች እያሳዩኝ "ያችኛዋ የዚህኛው አክስት ናት" አሉኝ።

መጽሔቱን ሳነብላቸው ዐይናቸው በራ።

"ውሻው ርስት ይጠይቅበታል?"

"ኧረ አይጠይቅበትም፣ የኔታ።"

"እንግዲያስ ማን ይከለክለናል!"

እውነትም ማንም አልከለከለን። ዘመኑ የመደራጀት ዘመን ነው፤ ገበሬው ተደራጅቷል፣ ሴቱ ተደራጅቷል፣ ወጣቱ ተደራጅቷል። ውሻ ብቻ ነበር የቀረው። የአውራጃው ካድሬ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ካኪውን የማያወልቅ ሰው ነበር። ስንት ማኅበር እንዳደራጀ በየወሩ ሪፖርት ስለሚልክ፣ "ሰብል ከዝንጀሮ የሚጠብቁ ውሾች ባለቤቶች ማኅበር" ስንለው ዓረፍተ ነገራችንን ሳያስጨርሰን ፈረመልን። የኔታ መዝጋቢ፣ እኔ ጸሐፊ ሆንን።

በገበያ ቀን ገበሬው ውሻውን በገመድ እየጎተተ ይመጣል። የኔታ "እናቱ ማን ናት? ከማን ቤት ወጣች?" ይላሉ። ሥራውን ያቀለለላቸው የአገሩ ልማድ ነው። በእኛ በኩል የደህና ውሻ ቡችላ ለባዳ አይሰጥም፤ ልጅ ስትዳር ብቻ ከወላጆቿ ቤት አንዲት ቡችላ ይዛ ትሄዳለች። ስለዚህ ቡችላዋ የሄደችበትን ያወቀ፣ ሙሽራዋ የሄደችበትን ያውቃል። ገባችሁ? ሽማግሌው የውሻ ዘር እየጠየቁ የሰው ዘር ይቆጥራሉ! በሁለት ወር ጉንጫቸው ሞላ። ከዚያም ሕግ አወጡ፤ ሰባት ቤት ያልሞሉ ውሾች እንዳይገናኙ ከለከሉ። "የኔታ፣ ውሻ እኮ ነው" ሲሏቸው "ውሻ ስለሆነ እህቱን ያግባ?" ይላሉ።

ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ። አስካለን ወድጄ ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የአያ ገብሬ ልጅ ናት። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ሳስተምራት እሷ ፊደሉን ያዘች፣ እኔ ፊደሉ ጠፋኝ። ሽማግሌ ላክሁ። አያ ገብሬ እኔን አልጠሉኝም፤ ከእኔ አብልጠው የወደዱት ግን ሸጌን ነበር። ሸጌ፣ ከላላ በምትባል አገሬ ካለው ካባቴ ቤት ይዣት የመጣሁ፣ ዝንጀሮ ስታባርር ገደል የማትፈራ ቀይ ውሻዬ ናት። እሳቸው ደግሞ ደፋር የሚባል ወንድ ውሻ አላቸው።

"ስማ መምህር" አሉኝ፤ "ደፋርን ከሸጌ ሳታጋባ አስካለን አታገባም።"

ከዚህ የቀለለ ጥሎሽ የት ይገኛል? እየበረርኩ የኔታ ዘንድ ሄድኩ። ዐይናቸውን ጨፍነው ቆጠሩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለቱም ውሾች ከጎራዴ ይወለዳሉ፤ ጎራዴ ደግሞ የከላላው ቅድመ አያቴ ውሻ ነበረች።

"ስድስተኛ ቤት ናቸው። አንድ ይጎድላቸዋል።"

"የኔታ፣ በማርያም፣ አንዷን ይጨምሩልኝ!"

"ለርስት ስንት በሬ ተነድቶልኝ ያልጨመርኩትን፣ ላንተ ፍቅር ልጨምር?"

አያ ገብሬ ይህን ሲሰሙ ነደዱ። "ውሻዬ በዘሩ ተከለከለ! ይህ ፊውዳልነት ነው!" ብለው ለካድሬው ከሰሱ። ወዲያው ስብሰባ ተጠራ፤ አጀንዳው "በማኅበር ሽፋን ፊውዳላዊ ዘር ቆጠራን ስለማደስ" ይላል። በዚያን ጊዜ ይህ የሚያሳስር ነገር ነው። የኔታም ሊታሰሩ፣ አስካለም ልታመልጠኝ። ሳቄ ሁሉ ደረቀ። የኔታ ግን "አብሽር ልጄ፣ እኛ የቆጠርነው ውሻ ነው" አሉኝ።

ውሾቹን ውጭ አስረን የገበሬ ማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ተሰበሰብን። ካድሬው ደብተሩን ዘርግቶ "ሁለቱ ውሾች ዘመድ መሆናቸውን ያስረዱ" አላቸው። የኔታ ተነሥተው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ሸጌን ይዘው እናት በእናት ሽቅብ እስከ ጎራዴ ወጡ፤ ደፋርንም ይዘው ሽቅብ ሲወጡ ሻሼ ላይ ደረሱ። ሻሼ የጎራዴ ልጅ ናት።

"ጎራዴ ከላላ ከነበረች፣ ሻሼ እዚህ እንዴት መጣች?" አለ ካድሬው።

አያ ገብሬ ደረታቸውን ነፉ። "ባያቴ ጊዜ ከሙሽራ ጋር ነዋ! የኛ ቤት ውሻ በወጉ የመጣች ናት።"

ያን ጊዜ ጭንቅላቴ መቁጠር ጀመረ። ሻሼ ከሙሽራ ጋር ከመጣች፣ ሙሽራዋ የቅድመ አያቴ ልጅ ናት። የቅድመ አያቴ ልጅ ከሆነች፣ አያ ገብሬ የልጅ ልጇ ናቸው። ወይ ጉዴ! አስካለ ዘመዴ ናት፤ ሰባት ቤት ቀርቶ አምስትም አንሞላ። ከሴቶቹ በኩል ቀና ብላ አየችኝ፤ እሷም ቆጥራለች። እንባዬ መጣ፣ አልደብቃችሁም።

የኔታ ግን ፈገግ ብለዋል። "ጓድ ሊቀመንበር፣ አያትዎ ያገቡት ከደጎሎ ነው። ከከላላ ሙሽራ አልመጣም። ስለዚያች ቡችላ ያኔ ሙግት ነበር፤ ዘሯን የቆጠሩት አባቴ ናቸው። እንዴት እንደመጣች እርስዎ ቢናገሩት ይሻላል።"

አያ ገብሬ ጋቢያቸውን ማስተካከል ጀመሩ። በዚህ መሐል አስካለ ብድግ!

"ተሰርቃ ነው!" አለች ባለ በሌለ ድምጿ። "ቅድመ አያቴ ሌባ ነበሩ! ከከላላ ገበያ ሲመለሱ በጋቢያቸው ጠቅልለው ነው ያመጧት። አባባ፣ አንተው አይደለህ ያጫወትከኝ? ለካ ያች ቡችላ ሻሼ ናት! ሌባ ነበሩ!"

ባገራችን ታሪክ ቅድመ አያቷን በአደባባይ ሌባ ብላ እንዲህ የተደሰተች ልጅ ያየ ካለ ይንገረኝ። አንዲት ሴት እልል አለች፤ ሕዝቡ በሳቅ ተንፈራፈረ። ካድሬውን ላለማመስገን አልችልም፤ ትንሽ አሰበና በቃለ ጉባኤው ላይ "ጭቁኑ ገበሬ የፊውዳሉን ቡችላ በትግል ነጠቀ" ብሎ ጻፈ። አንድ ጥማድ በሬ ያልነበራቸው ቅድመ አያቴ በአንድ መስመር ፊውዳል ሆኑ። አያ ገብሬ የታጋይ ልጅ ልጅ ሆነው ፊታቸው ፈካ። የኔታም ይህን የትግል ታሪክ ስላወጡ ተመሰገኑ፤ ክሱ ተነሥቶ ማኅተም ተመታ።

ስንወጣ ሸጌና ደፋር ገመዳቸውን በጥሰዋል። ስብሰባ አልጠበቁም፣ ቃለ ጉባኤም አልያዙም፤ ጉዳዩን ጨርሰውታል። ዘር ከልጓም ይስባል ይባላል፤ ገመድ ማን ነው ታዲያ! የኔታ ፊታቸውን አዞሩና "ጻፍ" አሉኝ፤ "ስድስተኛ ቤት፣ በራሳቸው ኃላፊነት።" አያ ገብሬም ቃላቸውን አላጠፉም፤ አስካለን ሰጡኝ።

ያ ሁሉ አልፎ የኔታም አረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማር። የሸጌ ዘር ግን እስከ ዛሬ እኛው ቤት አለ። ባለፈው ሰሞን ሸጋ ሸጋ ወንዶች ልጆች ያሉት ጎረቤቴ አንዲት ቡችላ እንድሰጠው ለመነኝ። እኛም የደረሰች ልጅ አለችን። ብሰጠው ነገ አንዱ ቆጣሪ ተነሥቶ "ከሙሽራ ጋር ሄዳ ነው፤ ዘመድ ናችሁ" ሊል ነው። "አልሰጥም!" ብዬ መለስኩት፤ ሰውየው ተቀየመ። በማግስቱ በሩን ወለል አድርገን ከፍተን፣ "ገበያ ወርደን እንመለሳለን" ብለን እንዲሰማ ጮክ ብለን ተነጋግረን ሄድን። ስንመለስ አራት የነበሩት ቡችሎች ሦስት ሆነዋል። አስካለ ደግማ ቆጠረቻቸውና፣

"እንኳን ደስ ያለህ" አለችኝ፤ "አማች አገኘን።"