የሁለት ሰው ሲዲ

ትናንት ከእንድሪስ ጋር ተኳርፌ የኳሱን ጌም ሲዲ ደረቴ ላይ እንደያዝኩ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ በሕልሜም ዓለም ተገልብጣ አገኘኋት። ጌሞች ሰው ይገዙ ነበር።

እኔ ደሴ ፒያሳ፣ አንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ በላስቲክ ተጠቅልዬ ቆሜአለሁ። ከጌም የወጣ አንድ በረኛ ጓንቱን እንዳጠለቀ አነሳኝና አገላብጦ አየኝ።

«ይሄኛው ግንባሩ ተጭሯል» አለው ለባለሱቁ።

ባለሱቁ የእሽቅድምድም መኪና ነበር። ግንባሬ ላይ እፍ አለብኝ፤ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለኝ፤ አልሆን ሲለው የጥርስ ሳሙና ቀባኝ። መኪና ሸሚዝ ከየት አመጣ ብዬ አልጠየቅኩም። እኛም ጌም ቤታችን ውስጥ ሲዲ ሲጫር የምናደርገው ይህንኑ ስለሆነ እንዲያውም አሠራሩን ወደድኩለት።

«በሣጥን የሚመጣ ሰው አሁን ማን ይገዛል?» አለ በረኛው። «ቦታ ይይዛል፣ ይበላል፣ ይታመማል። ከኢንተርኔት የሚወርድ የለህም?»

«አንድ በመውረድ ላይ ያለ አለኝ» አለ መኪናው ወደ ጣሪያው እያየ።

ቀና ስል እንድሪስ ነው። ጭንቅላቱና ደረቱ ደርሰዋል፤ እጆቹና ከወገቡ በታች ያለው ገና ነው።

እንድሪስ ጓደኛዬ ነው፤ ጌም ቤቱም የጋራችን ነው። ተማሪ ሳለን ይህችን ሲዲ ግማሽ ግማሽ አዋጥተን ገዛናት። እንዳንካካድ ሲዲዋን እኔ፣ ካቨሯን እሱ ያዝን። ብንጣላም አንዳችን የሌላውን ስለያዝን ሳንታረቅ ቀርተን አናውቅም። ትናንት ግን «ሲዲ ማስገቢያ የሌለው ማሽን ገዛሁ፤ ከእንግዲህ ሁሉን ከኢንተርኔት እናወርዳለን፤ ያቺን አሮጌ ሲዲ ጣላት» አለኝ። ጣላት አለኝ፣ የእኛን ሲዲ።

«ምን ሆነህ ነው አንተ?» አልኩት ወደ ጣሪያው።

«አብሽር ምስጋናው፣ እጄ ኔትወርክ ሲሻል ይመጣል። ወላሂ ይቀላል፤ ጫማም አያስፈልግ።»

ልመልስለት ስል ገበያ መሐል ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ሰው ከሰው ሲገናኝ እንደምን ዋልክ መባባል ቀርቷል። «እስማማለሁ» ይላል አንዱ። «እኔም ሳላነብ እስማማለሁ» ይላል ሌላው፤ ከዚያ ትከሻ ለትከሻ ይሳሳማሉ። ሽንኩርት የሚሸጥ የለም፤ የሚሸጠው የሽንኩርት ፈቃድ ነው። ጎረቤታችን እትዬ የሺመቤት መንገድ ዳር ወጥ እየሠሩ ነበር። ሲያማስሉ፣ ሲያማስሉ፣ ሽንኩርቱ ከድስቱ ብድግ ብሎ ሄደ።

«ምነው እትዬ?»

«ባለቤቱ ሐሳቡን ለውጦ ነው ልጄ። ትናንት ድስቱንም ወስደውብኝ በመዳፌ ነው የሠራሁት።»

«ዝም አሉ?»

«ተስማምቼ የለ» አሉና ባዶውን ድስት ማማሰል ቀጠሉ።

ደሜ ፈላ። በእውኑም ቢሆን ቶሎ ነው የምናደደው። ደረቴን ስዳብስ ሲዲዋ አለች። አንድ ሰው አየኝና «በእጁ ዕቃ ይዟል» ብሎ ሲጮህ ገበያው ተጠቅልሎ ፍርድ ቤት ሆነ። ፖሊሶቹ በካቴና ታስረው ቆመዋል። ዳኛው ያው በረኛ ነው፤ ጓንቱን አላወለቀም።

«ይህች ሲዲ የማን ናት?»

«የእኔና የእንድሪስ።»

«ማን ፈቀደላችሁ?»

«ገዝተናት ነው።»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ልጆች ለአባቶቻቸው «መግዛት ምንድን ነው?» ሲሉ ሰማሁ፤ አባቶቹም አላወቁትም።

«እስማማለሁ በልና ወደ ሰማይ መልሳት» አለ ዳኛው።

«አልስማማም።»

ሳቁ ቆመ። እንደ እንድሪስ ከሰማይ በመውረድ ላይ የነበሩትም ሰዎች ባሉበት ተንጠልጥለው ቀሩ።

«አልስማማም» አልኩ ደግሜ። «ይህችን ሲዲ ለሰፈሩ ሁሉ አውሼአለሁ፤ ማንንም አላስፈቀድኩም። ኔትወርክ በጠፋ ጊዜ አጫውታናለች። ሐሳቧን ቀይራ ከቤቴ ወጥታ አታውቅም። ካሻህ ና እንጫወት። በእኛ ጌም ቤት ደንብ የተሸነፈ ከወንበሩ ይነሳል።»

ዳኛው ጆይስቲክ ያዘ። አምስት ለባዶ አገባሁበት። በጓንት ጆይስቲክ አይያዝማ።

«ተነስ» አልኩት።

«ወንበሩ የእኔ አይደለም» አለና እንባው መጣ። «ለመቀመጥ እንጂ ለመነሳት አልተፈቀደልኝም።»

ሳላዝንለት አልቀረሁም። ግን ያን ጊዜ የእንድሪስ እጆች ብቻቸውን ከሰማይ ወረዱና ሲዲዋን በአንድ በኩል ያዙ። ጎተቱ። እኔም ጎተትኩ። «አለቅም፣ ብትገሉኝም አለቅም» እያልኩ ባለኝ ኃይል ሁሉ ሳብኩ።

ቋ።

ነቃሁ። ነግቷል። እንድሪስ፣ እውነተኛው፣ ከነእግሩ፣ አልጋዬ አጠገብ ቆሟል። በአንድ እጁ ባዶውን ካቨር፣ በሌላው ግማሽ ሲዲ ይዟል። ሌላው ግማሽ በእኔ እጅ ነው።

«ቀስ ብዬ ላነሳት ስል አለቅም አልክ» አለ።

«ጣላት ብለህ አልነበር? ዛሬ ምን ፈለግክባት?»

መሬት መሬት አየ። «ያወረድኩት ጌም ጠዋት ስከፍተው የለም። ማሽኑ ፈቃዱ ተነስቷል ይላል። ደንበኞች በር ላይ ቆመዋል፤ በአሮጌው ማሽን ልናጫውታቸው ብዬ ነበር የመጣሁት።»

አልዋሽም፣ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። እሱ ካቨሩን ከፍቶ ግማሹን አስቀመጠና እጁን ዘረጋልኝ።

«በል አምጣ፣ ያንተንም አብረን እናስቀምጣት።»

«አልስማማም» አልኩት። «ግማሽ ግማሽ ነው የገዛናት። ይህ የእኔ ድርሻ ነው፤ እስኪ ጌምህን ያጠፉብህ ሰዎች ይህንንም ከሰማይ ሆነው ያጥፉብኝ።»

በሸሚዜ ጫፍ ወለወልኩትና ኪሴ ከተትኩት።