ቦዩ የማዘጋጃ ቤቱ፣ ድልድዩ የእኛ

«ሰፈራችሁ በልማት ዕቅድ ውስጥ ገብቷል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቶሎ አትደሰቱ። እኔ ተደስቼ አይቼዋለሁ።

የምኖረው ሆሳዕና ነው፤ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ፣ ከሌሞ ገጠር የሚመጡ ጋሪዎች ወደ ገበያ በሚያቋርጡበት ሰፈር። ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ያስወልቃል። ግን እውነቱን ለመናገር ከጭቃው ጋር ተስማምተን ነበር የምንኖረው። የት እንደሚረገጥ፣ የት እንደማይረገጥ እናውቃለን። ታዲያ ማን ቦይ ቆፍሩልን አለ? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏችኋል ይኼ ነው።

ዝናቡ ሊጀምር ሲል ማዘጋጃ ቤቱ ኤክስካቫተር ላከ። ኮብልስቶን ሊነጠፍ ነው፣ ከዚያ በፊት ግን የጎርፍ መውረጃ ያስፈልጋል ተባለ። ልክ ነው፣ ያስፈልጋል። መዋጮም ሳናንገራግር ከፍለናል። ከዚያ በየደጃችን እስከ ደረት የሚደርስ ቦይ ተቆፈረና ማሽኑ ሄደ። ድንጋዩስ? ክዳኑስ? ከቤት መውጫውስ? «በሁለተኛው ምዕራፍ» ተባልን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

እኔ አስተማሪ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ደብተር ታቅፌ በአንዲት ጣውላ ላይ እንደ ድመት እየተራመድኩ እወጣለሁ። ተማሪዎቼ ከማዶ ቆመው፣ ወደቀች አልወደቀች እያሉ ያዩኛል። ከዚያ በኋላ ክፍል ገብቼ «ጸጥ በሉ» ብል ማን ይሰማኛል?

የኔስ ይሁን፣ ሰው ነኝ፣ ጣውላ ይበቃኛል። ጎረቤቴ ከድር ግን ባለ ጋሪ ነው። ፈረሱን ዳማን በጣውላ ማሻገር አይችልም። ስለዚህ ቦዩ ጠበብ ያለበትን ቦታ ፈልጎ በድንጋይና በአፈር ደልድሎ ያሻግረው ነበር። አንድ ቀን ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ሲሻገሩ አፈሩ ከዳቸው። ዳማ ከነ ጋሪው ገባ።

የሰፈሩ ሰው በሙሉ ወጣ። በገመድ፣ በሰሌን፣ ባገኘነው ሁሉ ስበን አወጣነው። የእንስሳት ሐኪሙ የፊት እግሩን ዳብሶ አልተሰበረም፣ ግን ለብዙ ጊዜ ጋሪ እንዳይጎትት አለ። ከድር ከማግስቱ ጀምሮ ገበያ እየወጣ የሰው ዕቃ በጀርባው መሸከም ጀመረ። ልጆቹ መብላት አለባቸው።

በዚያው ሰሞን የሕዝብ መድረክ ተጠራ። ከማዘጋጃ ቤቱ የመጡት ኃላፊ ሪፖርት አነበቡ። የቦይ ቁፋሮው አፈጻጸም ከዕቅድ በላይ ነው አሉ። ለካ ያን ያህል የተቆፈረው ለዚህ ኖሯል! ለመሸፈኛው ግን በጀት አልተያዘም። ከድር እጁን አወጣና «ፈረሴ ገብቶበታል። መሻገሪያ ስጡን» አለና ተቀመጠ። ኃላፊው በትሕትና ገንቢ አስተያየት ነው፣ ወስደነዋል አሉ።

ስንወጣ ከድር ክንዴን ነካ አደረገኝ። «ቲቸር፣ ወስደነዋል ያሉት፣ የት ነው የወሰዱት?»



የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ላምቤቦ ናቸው። ቁጡ ሽማግሌ ናቸው፤ መድረክ ላይ ግን አይናገሩም፣ ትንፋሽ ማባከን ነው ይላሉ። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ላይ ተነሡና፣ «እኛ የምንሰበሰበው ሰው ሲሞት ብቻ ነው እንዴ? አንዴ እንኳን በቁማችን እንረዳዳ» አሉ። የከድር ወንድም ሌሞ ውስጥ ባሕር ዛፍ አለው፤ ቁረጡ ብሎ ፈቀደ። እንጨቱ ተቆረጠ። ማን ያምጣው? ፈረሱ እንደሆነ እግሩን ያስታምማል። ጋሪውን እኛው ጎተትነው። ከድርና ጎረምሶቹ ከፊት፣ እኔና ሴቶቹ ከኋላ እየገፋን፣ አቶ ላምቤቦ ከጎን እየተቆጡ። ተማሪዎቼ ያን ዕለትም አዩኝ። አሁን ግን መጥተው አብረው ገፉ።

ድልድዩ አለቀ። ዳማም አገገመ። የመጀመሪያው ቀን ግን ከድልድዩ አፍ ላይ ደርሶ ቆመ። ይንቀጠቀጣል። ጎተቱት፣ እምቢ። አንዱ ጅራፍ ሲያነሣ ከድር እጁን ያዘው። ጃኬቱን አውልቆ የፈረሱን ዓይን ሸፈነለትና በጆሮው በሀዲይኛ ያናግረው ጀመር። ምን እንዳለው አላውቅም፤ የኔ ሀዲይኛ ቲማቲም ስንት ነው ከማለት አያልፍም። ረጅም ጊዜ አወራው። ከዚያ ዳማ አንድ እግሩን አነሣ፤ ሌላውን አስከተለ። ተሻገረ። ከድር አንገቱን አቅፎ ቆመ፣ እኛም ወደ ሌላ ወደ ሌላ አየን።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት?

አንድ ጠዋት ባለ ድምፅ ማጉያ መኪና መጣ። ወንበር ተደረደረ፤ በድልድያችን ላይ ሪባን ተወጠረ። «በማዘጋጃ ቤታችን ያላሰለሰ ጥረትና በኅብረተሰቡ ተሳትፎ» ተባለና ኃላፊው በመቀስ ቆረጡት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። በእኛ ሰፈር ሸክሙ የሃምሳ ሰው ነው፤ ጌጡን አንድ ሰው ይወስደዋል። አቶ ላምቤቦ ትንፋሻቸውን ላለማባከን ብለው ገና ሪባኑ ሲወጠር ወደ ቤታቸው ገብተዋል።

ከዚያ የተጠቃሚ አስተያየት ይደመጥ ተባለና ማይኩን ለከድር ሰጡት። ከድር ማይኩን እንደ እንቁላል በሁለት እጁ ያዘ።

«አመሰግናለሁ» አለ ረጋ ብሎ። «እናንተ ቦዩን ሠራችሁ፣ እኛ ድልድዩን ሠራን። ተባብረናል ማለት ነው። አንድ ነገር ብቻ ልለምን። ሌላ ስትቆፍሩ አስቀድማችሁ ንገሩን። እንጨቱ ካልደረቀ ይጎብጣል።»

ሰዉ ሳቁን ዋጠ። ኃላፊው ግን ከልባቸው አጨበጨቡ። እንዲህ ያለ ነቃ ያለ ነዋሪ በማግኘታቸው ኮርተው፣ ምሥራቹን እዚያው አበሰሩን፤ ከሳምንት በኋላ በጓሯችን በኩል ቁፋሮ ይጀመራል።

ጭብጨባው ገና ሳያልቅ ከድር ጋሪውን ጠምዶ ወደ ሌሞ፣ ወደ ወንድሙ ባሕር ዛፍ ጉዞ ጀምሮ ነበር።