ክቡር አምባሳደርና አሥራ ሰባቱ ደብዳቤዎች

የድኅረ ምረቃ ክፍል ባለበት ሁሉ ማንም ሳይሾመው አምባሳደር የሆነ አንድ ሰው አይጠፋም። እኛ ደግሞ የምናጠናው የአይሁድን ታሪክ፣ ዲፕሎማሲንና ጂኦፖለቲካን ስለሆነ የኛው ባሰ። «ክቡር አምባሳደር» ብለን ሰደብናቸው፤ እሳቸው እንደ ሹመት ተቀብለውት አረፉ።

ክቡርነታቸው ጥያቄ አይጠይቁም፤ መግለጫ ይሰጣሉ። «ነገሩ ላይ ላዩን እንደሚታየው አይደለም» ብለው ከጀመሩ የክፍለ ጊዜው ነፍስ ወጣች ማለት ነው። አንድ ቀን ሊፍቱ ቢበላሽ፣ ብልሽቱ ከየትኞቹ አገሮች ፉክክር ጋር እንደሚያያዝ አራት ፎቅ ሙሉ እያስረዱን ወጣን። እኛ ትንፋሽ አጠረን፤ እሳቸው ጭራሽ በረቱ።

ይህን ሁሉ ችዬ ነበር። ያልቻልኩት የመመረቂያ ጽሑፌን ርዕስ ያቀረብኩ ዕለት ነው። የማጠናው ስለ አንዲት ባሏ የሞተባት አይሁዳዊት እናት ነው። በጦርነት ዘመን፣ ከአንዲት የወደብ ከተማ፣ ለአንድ ልጇ የመግቢያ ፈቃድ ፍለጋ ለጎረቤት አገር ቆንስላ አሥራ ሰባት ጊዜ ጽፋለች። መልስ የሚባል አልደረሳትም። ተናግሬ ሳልጨርስ ክቡርነታቸው ብድግ አሉ።

«እህቴ፣ ታሪክ የሚሠሩት መንግሥታት ናቸው። የእናት እንባ ዲፕሎማሲ አይባልም።»

ክፍሉ ሳቀ። ደሜ ፈላ። ይባስ ብለው «ስህተትሽን ላሳይሽ» ብለው የደብዳቤዎቹን ቅጂ ወሰዱብኝ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት! ስደውል «ስብሰባ ላይ ነኝ» ይሉኛል። ሥራ የሌለው ሰው ምን ስብሰባ አለው? አማካሪዬ በበኩላቸው ጽሑፉን አምጪ እያሉ ይወተውቱኛል።

በመጨረሻ ቤተ መዛግብት ውለው እንደሚያመሹ ሰምቼ ገሠገሥኩ። የንባብ ክፍሉን በር በርግጄ «ደብዳቤዎቼን!» ስል ሰው ሁሉ ዞረ።

ያ «አምባሳደር» ቀና አለ። ዓይኑ ደም መስሏል። ፊት ለፊቱ የዚያ ቆንስላ የወጪ ደብዳቤ መዝገቦች ተቆልለዋል።

«መልስ ተጽፎላት ነበር» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለአሥራ አንደኛው ደብዳቤ። ልጇ እንዲገባ ፈቅደውለት ነበር። ይኸው ረቂቁ።»

ረቂቁን ተቀበልኩት። «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«መላኩን የሚያሳይ ቁጥር እየፈለግኩ ነበራ! ተፈቅዶ ሳይላክ ቀረ ብዬ እንዴት ልንገርሽ? ከዚያ በኋላ እኮ ስድስት ጊዜ ጽፋለች! ስድስት ጊዜ! አንዱ ጸሐፊ መሳቢያው ውስጥ ቆልፎበት ይሆናል!»

ጠረጴዛውን በቡጢ መታው። የንባብ ክፍሉ ኃላፊ «ወንድሜ፣ ቀስ በል እንጂ» አሉ። አልሰማቸውም። ለመንግሥታት ጥብቅና ሲቆም የኖረ ሰው፣ በአንድ መንግሥት ተቆጥቶ ጠረጴዛ ይደበድባል። ሦስት ሳምንት ያዘጋጀሁትን ስድብ ተውኩት።

ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ።

«ያላየኸው የትኛውን ዓመት ነው?»

አንዱን መዝገብ ወደኔ ገፋልኝ። ቤተ መዛግብቱ እስኪዘጋ ድረስ ገጽ በገጽ ፈለግን። ቁጥሩ የለም። ደብዳቤው አልተላከም። ደረጃውን ስንወርድ ለመጀመሪያ ጊዜ መግለጫ አልሰጠም፤ ታች ስንደርስ ብቻ፣

«ጽሑፍሽ ላይ ስሜን እንዳታስገቢ» አለኝ። «ሴትዮዋን ያገኘሻት አንቺ ነሽ።»

አስገባሁት። ምስጋናው ገጽ ላይ፣ ከእናቴ ቀጥሎ።