ባቡር ያስቆሙት በዓላት

በዓል የሚያከብር ሰው ደስ አይላችሁም? እኔን ደስ ይለኛል፤ ግን አከባበሩም ዓይነት አለው። ዛሬ በምኖርበት በድሬዳዋ ባቡር በጮኸ ቁጥር የቡሬው ጎረቤታችን አያ ካሴ ትዝ ይሉኛል።

በጣልያን ጊዜ የባቡር ሐዲድ ሊዘረጋ ነው ተባለና፣ ችካሉ ገና እሸት በያዘው በአያ ካሴ ገብስ መካከል ተተከለ። የቤተሰቡ የዓመት ቀለብ አፈር ሊለብስ ነው! እንዲቆፍሩም የታዘዙት ራሳቸው ናቸው። ቤተ ክርስቲያን በዓመት አንዴ ብቅ የሚሉት ሰውዬ በአንድ ጀምበር ጻድቅ ሆኑ።

«ጌታው፣ ዛሬ ሚካኤል ነው፤ አፈር አይነካም» አሉ በአስተርጓሚ።

«ትናንትም ሚካኤል ብለህ አልነበረም?» አለ ጣልያኑ አለቃ።

«የትናንቱ የጎረቤት ደብር የሽንዲው፤ የዛሬው የቡሬው ነው!»

ምን ያድርግ? እሱም ክርስቲያን ነኝ ባይ ነውና አማትቦ ተመለሰ። ቅዱሳን ሁሉ ሰማይን ባዶ ጥለው ቡሬ የወረዱ እስኪመስል በዓል በበዓል ላይ ሲደራረብ፣ ገብሱ ደረሰ።

እውነተኛው ሚካኤል የዋለ ዕለት ከቅዳሴ ስመለስ፣ አያ ካሴ አጎንብሰው ያጭዳሉ።

«ኧረ አያ ካሴ፣ ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው!» አልኋቸው ደንግጬ።

ቀናም አላሉ። «አንቺ ልጅ፣ እኔ በዚህ ወር ደጋግሜ አከበርሁት፤ ዛሬ ደግሞ እሱ ያክብረኝ!»