ታንኩ ወንድሜን ሲጫወተው

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ኮምቦልቻ ያለው ጌም ቤታችን በታንክ ተሞልቶ አየሁ። ታንኮቹ በፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ተቀምጠው፣ ጆይስቲክ ይዘው ሰው ይጫወቱ ነበር። ወንበሮቹ አልተሰበሩም። ማንንም አልገረመውም፤ እኔንም አልገረመኝም።

ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠውን አወቅሁት። ታናሽ ወንድሜ ሙሄ ውትድርና ተመዝግቦ ማሠልጠኛ እስኪገባ ድረስ በየቀኑ ጌሙ ላይ የሚነዳው አሮጌ የአሜሪካ ታንክ ነበር። መካከለኛ ከሚባሉት ነው፤ ቁመቱ ረጅም፣ ብረቱ ስስ፣ ጎኑ ሁሉ ብሎን። ድሮ ለሙከራ ተሠርቶ የቀረ ነው፤ ጌሙ ባያወጣው ኖሮ ማንም አያስታውሰውም ነበር። ሙሄ የሚወደው ስለሚሮጥለት ነበር። አሁን ግን ስክሪኑ ላይ የሚሮጠው ራሱ ሙሄ ነበር፤ በቁምጣና በባዶ ደረቱ፣ አንድ ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ።

«ወንድሜ ነው» አልኩት ታንኩን።

«ዞር በል፣ ስክሪኑን ከለልከኝ» አለ።

«በዚያ በኩል አትንዳው፣ ይመቱታል።»

«እሱ ሲነዳኝ አልተመታሁም? ስማ፣ እኔ በዕድሜዬ አንድ ጦርነት አላየሁም። ሞከሩኝ፣ ለኩኝ፣ አትረባም ብለው አቆሙኝ። ዕድሜ ለወንድምህ፣ በየቀኑ ተቃጥያለሁ።»

«ጌም ነዋ!»

«ይኼም ጌም ነው» አለና ሙሄን ወደ ኮረብታው ነዳው።

ስክሪኑ በጭስ ተሸፈነ። ጮህኩ። ታንኩ ግን ተረጋግቶ «ምን ያስጮህሃል? እንደ ጌሙ ነው፤ የተመታ ጋራዥ ይመለሳል» አለኝ።

ወደ ጋራዡ ሮጥኩ። መንገዱ ላይ ፍየሎች ባጃጅ ውስጥ ተደርድረው ተቀምጠው ሹፌሩ ከኋላ ይገፋቸው ነበር። አንዷ አንገቷን አውጥታ «ወዴት ነህ?» አለችኝ።

«ጋራዥ።»

«እዚያ አንሄድም። ቢሆንም ና ግፋ።»

ገፋሁ።

ጋራዡ በር ላይ እናቶች ተሰልፈው ነበር። የተመቱት ልጆች ተጠግነው አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ ብዙዎቹ ግን ፊታቸው ተቀያይሮ ነበር። አንዲት እናት የሌላ ሰው ፊት የተገጠመለት ልጇን እጅ አገላብጣ አየችና «ይሁን፣ እጁ የእሱ ነው» ብላ ይዛው ሄደች። ሙሄ ከነፊቱ ወጣ።

«ጋሽ ይማም፣ ቶሎ በል፣ ለቅሶ አለብኝ» አለ።

ድንኳኑ እኛ በር ላይ ተተክሎ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ተቀምጧል። ሙሄ ጆግና ማስታጠቢያ ይዞ በየተራ ያስታጥባቸው ጀመር።

«ማን ሞቶ ነው?» አልኩት።

«እኔ ነኛ።»

«አለህ እኮ!»

«ነገ ነው። ነገ ሰው ሥራ አለበት ብለው ዛሬ አደረጉት። እስቲ ውሃ ቅዳልኝ፣ እነዚያ ጋ አልደረስኩም።»

አንድ ሽማግሌ እጃቸውን እያራገፉ «አላህ ያጽናህ» አሉት።

«አሚን» አለ ሙሄ። «ደግ ልጅ ነበርኩ።»

ያ አሮጌ ታንክ መጥቶ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቆመ። ለቅሶ ሊደርስ እንደመጣ ዘመድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለጦርነት የሚመርጠው ኮሚቴ ተሰብስቧል» አለኝ። «የነገው ሞት እንዲቀርልህ ከፈለግህ አንድ መንገድ አለ። ለሙከራ ብቻ ነው ካሉት እንደ እኔ ከጦርነት ይቀራል። ካለፈ ግን እሱን የመሰሉ ብዙ ይሠራሉ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እነሱ ፊት ስደበው።»

ኮሚቴው የተቀመጠው ኳስ ሜዳው ላይ ነበር። ሦስት ከባድ ታንኮች መነጽር አድርገዋል። አንዱ የሙሄን ደረት ቆንጥጦ ቆዳውን ለካ።

«ውፍረት?» አለ ሰብሳቢው።

«ሁለት ሚሊሜትር አይሞላም።»

«ከኋላስ?»

«ያው ነው።»

«በየትም በኩል ይበሳል ማለት ነው። ግን በቀላሉ ይሠራል። ምን ይበላል?»

«ያገኘሁትን!» አለ ሙሄ ደረቱን ነፍቶ። ማለፍ ፈልጎ ነበር። «ደረቅ ዳቦ ብትሰጡኝም እሄዳለሁ።»

ታንኮቹ ተያዩ። ደስ እንዳላቸው ከጭሳቸው አወቅሁ።

«ተቃውሞ ያለው አለ?»

እጄን አወጣሁ። «ውሻ ይፈራል» አልኩ።

«ይማም!» አለ ሙሄ።

«ውሻ ሲያይ መንገድ ይቀይራል። መርፌ ሲያይ ይወድቃል። ብርድ ከነካው ደረቱን ያፍነዋል። ተቆጥተው ካናገሩት ያለቅሳል፤ አሁንም ሊያለቅስ ነው፣ እዩት።»

«ጋሽ ይማም፣ በአላህ፣ ሰው ፊት አታዋርደኝ።»

«አባታችን ሲቀበር መቆም አቅቶት ደግፌ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

እንባው ወረደ። አሮጌው ታንክ ከኋላዬ «ጨምር» አለኝ። ጨመርኩ። የማውቀው ሲያልቅ ያላደረገውን ጨመርኩበት፤ ሌባ ነው አልኩ፣ ጓደኛ ጥሎ ይሮጣል አልኩ። አፌ ብረት ብረት አለኝ። ሙሄ ማልቀሱን አቆመና እንደማያውቀኝ ሰው አየኝ።

ሰብሳቢው ማኅተም አንሥቶ ግንባሩን መታው። «ለሙከራ ብቻ። አይዋጋም። ሌላ እንደ እሱ አይሠራም።»

በደስታ ጮህኩ። ላቅፈው ስጠጋ ገፈተረኝ።

«ብሞት ይሻለኝ ነበር» አለ።

«ጥላኝ፣ ግን ኑር» እያልኩ እጁን ያዝኩት።

የያዝኩት የእናቴን እጅ ነበር። ነግቷል። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፋ ትነቀንቀኛለች።

«ተነሥ፣ ሙሄ ነው! እግረኛ አላደረጉትም፣ ብረት ውስጥ አስገቡት! አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ ብረት ውስጥ ገባልኝ!» አለችና ለጎረቤት ልትነግር ወጣች።

«ጋሽ ይማም» አለ ሙሄ። ድምፁ ይቆራረጣል። «ታንክ ላይ መደቡኝ።»

«እንዴት ብለው?»

«ታንክ መንዳት የሚችል አለ ወይ ሲሉ እጄን አወጣኋ። ሦስት ዓመት ነድቻለሁ አልኳቸው።»

«የት ነው የነዳኸው ብለው አልጠየቁህም?»

«አልጠየቁም፤ ሰው አጥሯቸዋል መሰለኝ። ዛሬ ከሰዓት ወደ ግንባር እንወጣለን።»

ከጀርባው ሞተር ሲነሣ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ አጠገቡ ያሉት እንዳይሰሙት ድምፁን ቀንሶ ጠየቀኝ፦

«እውነተኛው ግን ወደ ኋላ የሚሄደው እንዴት ነው?»