የወንድሜን የልደት ሰርተፍኬት ላሚኔት አድርጌ የገባሁበት ጉድ

ወገን፣ ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ ላይኩን ትታችሁ ለቅሶ ትደርሱኛላችሁ!

ካዛንቺስ ፎቶ ኮፒ ቤት እንዳለኝ ታውቃላችሁ። ኮፒ፣ ስካን፣ ላሚኔት። በተለይ ላሚኔት! እኔ እጅ ገብቶ በላስቲክ የተለበጠ ወረቀት ዝናብ አይነካው፣ ወጥ አይነካው።

ታናሽ ወንድሜ ሀንጋሪ ሲማር ቆይቶ ተመረቀ። እኛም እዚህ እልል ብለን፣ ኬክ ቆርሰን፣ በቃ አለቀ ብለን ቁጭ አልን።

ምን ያልቃል! የወረቀቱ ጣጣ ለካ የሚጀምረው ከተመረቁ በኋላ ነው።

"እህቴ፣ ስሚኝ" አለኝ በቮይስ። "የተማሪ የመኖሪያ ፈቃዴ በዚህ ወር ያልቃል። ሳያልቅ ወደ ሥራ ፈቃድ ማዞር አለብኝ፣ ቀጣሪዬም እየጠበቀኝ ነው። እናንተ ጋ ያለውን የልደት ሰርተፍኬቴን ማኅተም አስመትተሽ ላኪልኝ። አለበለዚያ ሻንጣዬን ይዤ መምጣቴ ነው።"

እና እንዲህ ያለውን ወረቀት እርቃኑን ይዤ ልውጣ? በክረምት?

ማሽኑን አሞቅኩና ከተትኩት። ጥርት ብሎ ወጣ። መስታወት!

ጠዋት ሰነድ የሚያረጋግጡበት ቢሮ ሄጄ ተሰለፍኩ። ሰልፉ ረጅም ነው፣ እኔ ደግሞ ነጋዴ ነኝ። ወረቀቴን ከፍ አድርጌ "አያችሁ? ሰነድ እንዲህ ነው የሚያዘው!" እያልኩ የሱቄን ካርድ አደልኩ። አንዷ ልጅ እንዲያውም "ቅናሽ አለው?" አለችኝ።

ለአንቺማ አለው አልኳት!

ተራዬ ደረሰ። ሰውዬው ማኅተሙን አነሳና... መልሶ አስቀመጠው።

"የኔ እህት፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ኦሪጅናል ነው።"

"ኦሪጅናልማ ነበር። አሁን የካፌ ሜኑ ሆኗል። ማኅተም ላስቲክ ላይ ይይዛል? ማነው እንዲህ ያደረገው?"

ሰልፉ በሙሉ ካርዴን እንደያዘ ያየኛል።

"አንድ... ባለሙያ" አልኩ።

ይሄኔ ከኋላዬ ኮት የለበሱ አባት "እንዴ! ትናንት የልጄን ዲግሪ የለበጥሽልኝ አንቺ አይደለሽም?" ብለው ከቦርሳቸው የሚያብረቀርቅ ነገር መዘዙ። "ቻይና ተምራ መጥታ፣ እዚህ ሥራ ልትገባ፣ ማኅተም ላስመታላት ነው የመጣሁት!"

"ጋሼ፣ ለማኅተም ነው ብለው አልነገሩኝም እኮ..."

"ጠይቀሽኛል?"

አልጠየቅኩም። ወረቀት ሳይ የሚታየኝ ማሽን ብቻ ነው።

ቅናሽ የጠየቀችኝ ልጅ ካርዴን መለሰችልኝ። በትህትና! ያመመኝ እሱ ነው።

ለጋሼ ልጅ ከዩኒቨርሲቲዋ ምትክ የሚጠይቀውን ኢሜይል እኔው ጽፌ፣ የሚያስፈልገውንም ወረቀት ስካን አድርጌ በነፃ እንደምልክ ቃል ገብቼ፣ የወንድሜን ምትክ ላወጣ ወደ ወረዳ በረርኩ። የወንድሜ ውክልና እጄ ላይ መሆኑ በጀኝ እንጂ አልቆልኝ ነበር።

"ሰርተፍኬቱ ምን ሆኖ ተበላሸ?" አለችኝ የወረዳዋ ልጅ።

"ከመጠን በላይ ተጠንቅቄለት።"

ሳቀች። ምትኩን ግን ሰጠችኝ፤ ነፍሷን ይማር ልል ምንም አልቀረኝ፣ በሕይወት ያለች ልጅ! ከዚያ የጠዋቱ ቢሮ ሊዘጋ ሲል ደርሼ ማኅተሙ ጧ! አለ። እንዴት ያለ ጣፋጭ ድምፅ ነው!

ወረቀቱ ዛሬውኑ ተላከ። ወንድሜ ግን ደውሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ዲግሪዬን እማዬ እንድታየው በሰው ልልክ ነበር። ቀርቷል! አንቺ ያለሽበት ከተማ አይገባም።"

ምዬ ተገዝቻለሁ፣ ላሚኔት አላደርገውም።

ግን እስኪ የምታውቁ ንገሩኝ፦ በመስታወት ፍሬም አድርጌ ጠርዙን በሙጫ ጥርቅም ባደርገውስ፣ ችግር አለው?